ፕሮፌሰሩ ሲከሰሱ ማን ይዳኛቸዋል? የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የመቶ ዓመት ሙግት



የዛሬውን ጉዳይ ያነሳሁት አንዲት እናት ደውለው ከጠየቁኝ ጥያቄ ተነስቼ ነው። እኚህ እናት አሜሪካ ከገቡ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ቀን አረጋውያንን እየተንከባከቡ፣ ማታ የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ሆነው እየሠሩ ሴት ልጃቸውን ለዶክትሬት ትምህርት አድርሰዋል። ልጅቱ የመመረቂያ ጥናቷን በሚያማክሯት ፕሮፌሰር ላይ የወሲባዊ ትንኮሳ አቤቱታ አቅርባለች። እናት የሰሙት ከአቤቱታው በኋላ ነው። «ወንድሜ» አሉኝ፤ «እኔ የገባኝ ነገር የለም። ፖሊስ የለበትም፣ ፍርድ ቤት የለበትም። ሰውየውን የሚመረምረው የቀጠረው ትምህርት ቤት ነው። የራሱን ሰው ራሱ ይፈርድበታል? ደግሞ እዚህ ያሉ የእኛ ሽማግሌዎች ‹ነገሩን በእርቅ ጨርሱት፣ ልጅቱ ትመረቅ› ይሉኛል። ምን ይሻለኛል?»

የልጅቱንም፣ የፕሮፌሰሩንም፣ የዩኒቨርሲቲውንም ማንነት አላነሳም። ጉዳዩ ገና በእጅ ነው፤ ሰውየውም እስኪወሰንባቸው ድረስ ተከሳሽ እንጂ ጥፋተኛ አይደሉም። የእናቲቱ ጥያቄ ግን እሳቸው ብቻ የጠየቁት አይደለም። «የራሱን ሰው ራሱ ይፈርድበታል?» የሚለው የአሜሪካን ዩኒቨርሲቲዎች፣ ምክር ቤቱንና ፍርድ ቤቶቹን ለአሥርት ዓመታት ሲያከራክር የኖረ ነው። እስቲ ከሥሩ እንየው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከሴት ተማሪ አቤቱታ ሳይሆን ከባለጸጋ ቁጣ ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መሥራች ሌላንድ ስታንፎርድ በባቡር ሐዲድ የከበሩ ሰው ነበሩ። እሳቸው ካረፉ በኋላ ዩኒቨርሲቲውን እንደ ቤታቸው ያስተዳድሩ የነበሩት ባለቤታቸው ጄን ስታንፎርድ ናቸው። ኤድዋርድ ሮስ የተባሉ የዩኒቨርሲቲው መምህር ስለ ገንዘብ ፖሊሲ፣ ስለ ባቡር ኩባንያዎችና ስለ እስያ ሠራተኞች ፍልሰት በአደባባይ የተናገሩት ወይዘሮዋን አስቆጣ። በ1900 ሮስ ሥራቸውን እንዲለቁ ተደረገ። ሮስ ስለ እስያውያን የተናገሩት ዛሬ ሲነበብ የሚያሳፍር ዘረኝነት ነው፤ እኔ ጠበቃቸው አይደለሁም። ባልደረቦቻቸው ግን የጠየቁት ሌላ ነገር ነበር፦ አንድ መምህር ባለሀብት ስለተቆጣ ብቻ በአንድ ቀን ትእዛዝ ከሥራ ሊባረር ይገባል ወይ? ተቃውሟቸውን በመልቀቂያ ደብዳቤ ከገለጹት መካከል ፈላስፋው አርተር ላቭጆይ አንዱ ነበሩ።

እኚሁ ላቭጆይ ከጆን ዲዊ ጋር ሆነው በ1915 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሮች ማኅበርን መሠረቱ። ማኅበሩ ገና በተወለደበት ዓመት ለመመርመር የተነሳው የዩታ ዩኒቨርሲቲ መምህራንን ማባረሩን ነበር። ነገሬን ለአፍታ ላቋርጥና፣ ይኸው የዩታ ዩኒቨርሲቲ ከአርባ ዓመታት በላይ ቆይቶ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም ባለሙያ የላከው ተቋም ነው። የእኛው ዩኒቨርሲቲ አደረጃጀት፣ ሴኔቱም ዲኑም፣ ከአሜሪካ ብዙ ወርሷል። ስለዚህ የምናወራው የሩቅ አገር ወግ ብቻ አይደለም።

ማኅበሩ ከኮሌጆች ማኅበር ጋር ተስማምቶ በ1940 አንድ መግለጫ አወጣ። የዛሬው የፕሮፌሰሮች ቋሚ ሹመት፣ በተለምዶ ቴኑር የምንለው፣ መሠረቱ ይህ ሰነድ ነው። አንድ መምህር ከሰባት ዓመት ባልበለጠ የሙከራ ጊዜ ይፈተናል፤ ካለፈ በኋላ በቂ ምክንያት ሳይኖር አይባረርም። ክስ ቢቀርብበት ክሱ በጽሑፍ ይደርሰዋል፣ መከላከያውን ያቀርባል፣ ጉዳዩን መምህራንም ሆኑ የቦርዱ አባላት ያዩታል። ማኅበሩ ኋላ ያወጣቸው ደንቦች ደግሞ የማስረዳት ሸክሙን በዩኒቨርሲቲው ትከሻ ላይ ጣሉት፤ ማስረጃውም ግልጽና አሳማኝ መሆን አለበት አሉ።

በዚያው በ1940 መግለጫ ውስጥ ብዙ ሰው ዘሎት የሚያልፈው አንድ ሐረግ አለ። የሚሰናበት መምህር ቢያንስ የአንድ ዓመት ደመወዝ እንዲከፈለው ይደነግግና፣ ጥፋቱ የሥነ ምግባር ዝቅጠት ከሆነ ግን ይህ አይመለከተውም ይላል። ይህ ማለት ግለሰቦቹ በነውር የሚባረር ፕሮፌሰር ሊኖር እንደሚችል በ1940ም ያውቁ ነበር ማለት ነው። ነውር ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚያመለክት፣ ተማሪዋ የት ሄዳ እንደምትናገር ግን አንድም ቃል የለም። ሰነዱ የተጻፈው መምህሩን ከባለሥልጣንና ከባለሀብት ለመጠበቅ ነው። መምህሩ ራሱ ባለሥልጣን ሆኖ ከፊቱ አንዲት ተማሪ የቆመችበትን ክፍል አላሰቡትም። ነቀፌታ አይደለም፤ ያኔ ብዙዎቹ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ሴት ተማሪ አይቀበሉም ነበር። ዬል የመጀመሪያ ዲግሪ ሴት ተማሪዎችን የተቀበለው በ1969 ነው።

ለነገሩ ድርጊቱ ይኖር እንጂ ስም አልነበረውም። «ወሲባዊ ትንኮሳ» የሚለው አጠራር ወደ አደባባይ የወጣው በ1975 ነው፤ የወጣውም ከአንድ የዩኒቨርሲቲ ከተማ፣ ከኢታካ ኒው ዮርክ። ካርሚታ ዉድ የተባሉ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የቢሮ ሠራተኛ ከአንድ ታዋቂ የሳይንስ ፕሮፌሰር በሚደርስባቸው መነካካት ተማርረው ሥራ ለቀቁ። የሥራ አጥነት ድጎማ ሲጠይቁ «በግል ምክንያት ነው የለቀቁት» ተብለው ተከለከሉ። እዚያው ኮርኔል የነበሩ ሴቶች ተሰባስበው፣ ድርጊቱን ምን ብለን እንጥራው ብለው ተከራክረው ይህን ስም መረጡ። በግንቦት 1975 ሕዝባዊ ስብሰባ ጠርተው ሴቶች በየተራ ቆመው የደረሰባቸውን ተናገሩ። አንድ ነገር ስም እስኪያገኝ ድረስ አቤቱታ ማቅረቢያ ቅጽ ሊኖረው አይችልም፤ ስሙ የመጣው በዚህ መልክ ነው።

ሕጉ ቀድሞ ወጥቶ ነበር። በሰኔ 1972 ፕሬዚዳንት ኒክሰን የፈረሙት የትምህርት ሕግ ማሻሻያ ዘጠነኛ ርዕስ፣ ሁላችሁም ታይትል ናይን ሲባል የምትሰሙት፣ ዋና ዐረፍተ ነገሩ በእንግሊዝኛ 37 ቃላት ብቻ ነው። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት በጾታ ምክንያት ማንንም እንዳያገልል፣ እንዳይከለክል፣ እንዳያዳላ ያዝዛል። ያረቀቁትና የታገሉለት፣ ኢዲት ግሪን፣ ፓትሲ ሚንክና በርች ባይ፣ በዋነኝነት ያሰቡት ስለ ተማሪ ቅበላና ስለ መምህራን ቅጥር ነበር። ትንኮሳ የሚል ቃል የለበትም። በ1975 የወጣው ማስፈጸሚያ ደንብ ግን ትምህርት ቤቶች ቅሬታን ፈጥኖና በፍትሐዊነት የሚፈታ ሥርዓት ያቋቁሙ አለ። ብዙዎቹ ዝም አሉ። ሕጉ በወረቀት ላይ ነው፤ ማን ይጠይቃቸዋል?

የጠየቁት የዬል ሴቶች ናቸው። በ1977 ተማሪዎችና የቅርብ ተመራቂዎች፣ ከአንድ ወንድ የጥንታዊ ቋንቋዎች መምህር ጋር ሆነው ዩኒቨርሲቲውን ከሰሱ። መዝገቡ በመጀመሪያዋ ከሳሽ ስም አሌክሳንደር በዬል ላይ ይባላል። ከሳሾቹ ካሳ አልጠየቁም። ልብ በሉ፣ ገንዘብ አልጠየቁም። የጠየቁት አንድ ተማሪ ሄዳ የምትናገርበት፣ የሚሰማትና የሚወስንላት አካል እንዲቋቋም ነው። መምህሩ ጆን ዊንክለር ወደ ክሱ የገቡት ደግሞ ትንኮሳ ባለበት ቦታ በመምህርና በተማሪ መካከል ሊኖር የሚገባው መተማመን ተመርዟል፣ ማስተማር አልቻልኩም ብለው ነው። የሕግ ሐሳቡን ካዘጋጁት አንዷ ያኔ ወጣት የነበሩት ካትሪን ማኪነን ናቸው፤ በ1979 ያሳተሙት በሥራ ቦታ ስለሚደርስ ወሲባዊ ትንኮሳ የሚተርክ መጽሐፋቸው ኋላ ለብዙ ፍርዶች መነሻ ሆኗል።

ከከሳሾቹ ፓሜላ ፕራይስ የተባለችው ጥቁር አሜሪካዊት የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ነበረች። መምህሯ ወሲብ ከፈጸመች ኤ እንደሚሰጣት ነገረኝ፣ እምቢ ስል ሲ ሰጠኝ አለች። በታኅሣሥ 1977 የፌዴራሉ ፍርድ ቤት የሌሎቹን ክስ ሲዘጋ የእሷን አስቀጠለ፤ ውጤትን በወሲብ መለወጥ በታይትል ናይን የተከለከለ የጾታ መድልዎ ሊሆን ይችላል አለ። ይህ እስከዚያ ቀን ያልተባለ ነገር ነው። በ1979 በተካሄደው ሙግት ግን ተሸነፈች፤ ዳኛዋ ነገሩ መድረሱን አላስረዳሽም አሏት። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በመስከረም 1980 ውሳኔውን አጸና። ከምክንያቶቹ አንዱ የሚያስቅም የሚያስገርምም ነው፦ ተማሪዎቹ ተመርቀው ወጥተዋል፣ ዬልም በዚህ መሃል የቅሬታ ሥርዓት አቋቁሟል፤ ስለዚህ የሚወሰን ነገር አልቀረም። እንግዲህ በመዝገቡ ላይ ተሸናፊዎች ናቸው። የለመኑት ግን ተሠርቶ ነበር። ከዚያ በኋላ በየአገሩ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች እኛም እንዳንከሰስ ብለው ተመሳሳይ ሥርዓት ማቋቋም ጀመሩ።

ሥርዓት መኖሩና ሥርዓቱ መሥራቱ ግን ለየቅል ናቸው። ይህን ለማየት ከዬል ወደ ሃርቫርድ እንሂድ።

ቴሪ ካርል በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሃርቫርድ ረዳት ፕሮፌሰር ነበሩ። ሆርሄ ዶሚንጌዝ በዚያው ክፍል ቋሚ ሹመት ያላቸው፣ በላቲን አሜሪካ ጥናት ስማቸው የገነነ ከፍተኛ ባልደረባቸው ናቸው። ማለትም ስለ ካርል እድገት ድምፅ ያላቸው ሰው። ካርል በ1983 አመለከቱ። ዩኒቨርሲቲው መረመረ፤ ሰውየው ከባድ የሥነ ምግባር ጥፋት ፈጽመዋል ብሎም ደመደመ። ቅጣቱ ምን ሆነ? ለሦስት ዓመት ከአስተዳደር ኃላፊነት መነሳት። የማስተማር ሥራቸው፣ ሹመታቸው፣ ቢሮአቸው በቦታው ቀረ። ሃርቫርድን ለቀው የሄዱት ካርል ናቸው፤ ወደ ስታንፎርድ።

ሦስቱ ዓመት አለፈ። ዶሚንጌዝ በ1995 የዩኒቨርሲቲው የዓለም አቀፍ ጉዳዮች ማዕከል ዳይሬክተር፣ በ2006 ደግሞ የዓለም አቀፍ ጉዳዮች ምክትል ፕሮቮስት ሆኑ። ሹመቱን የሰጧቸው ሰዎች ሁሉ ፋይሉን አይተው ናቀው ብሎ መናገር ይከብዳል፤ ምናልባት ፋይሉ ያለበትን መሳቢያ የከፈተም አልነበረ ይሆናል። ይህ ራሱ ነው ችግሩ። በየካቲት 2018 አንድ የከፍተኛ ትምህርት ጋዜጣ ጉዳዩን ሲያወጣ በመጀመሪያ አሥር፣ ብዙም ሳይቆይ ቢያንስ 18 ሴቶች ሰውየው ያልተገባ ድርጊት ፈጽመውብናል አሉ። የተነገረው ድርጊት ለአራት አሥርት ዓመታት የተዘረጋ ነበር። ዶሚንጌዝ ጡረታ ወጡ፤ በ2019 ዩኒቨርሲቲው አዲስ ምርመራ ጨርሶ የክብር ማዕረጋቸውን ነጠቀ፣ ግቢውንም እንዳይረግጡ ከለከለ። በ2021 ከውጭ የተጋበዘ ኮሚቴ ባቀረበው ሪፖርት የተቋሙ ባህል ጥፋትን የሚያሳልፍ እንደነበር ጻፈ። ካርል በ1983 ከተናገሩት እስከዚያ 38 ዓመት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል። ሽማግሌዎቻችን ለእናቲቱ «በእርቅ ጨርሱት» ያሉት ሃርቫርድ ካደረገው በምን ይለያል? የሃርቫርድ ዲን ቡና አፍልቶ፣ ካባ ለብሶ አልዳኘ ይሆናል እንጂ ሥራው የገመና ሽፈና ነበር። ሰውየው ታላቅ ምሁር ናቸው፣ ትዳር አላቸው፣ ተቋሙ ስም አለው፣ ልጅቱም ብትሆን ስሟ ይነሳል፤ ስለዚህ ዝም፣ ዝም። እኛ ገመና መሸፈንን የራሳችን ባህል ብቻ አድርገን እናየዋለን። ሽምግልናን አልንቅም። በጎረቤትና በጎረቤት፣ በባልና በሚስት መካከል ስንት ነገር አድኗል። ሽምግልና የሚሠራው ግን ሁለቱ ወገኖች በሸንጎው ፊት ሲተካከሉ ነው። የአማካሪና የተማሪ ነገር እንዲህ አይደለም። የዶክትሬት ተማሪዋ የምርምር ገንዘብ፣ የጥናቱ ማለፍ፣ ከምረቃ በኋላ ሥራ የምታገኝበት የድጋፍ ደብዳቤ፣ ሁሉም ከአንድ ሰው እጅ ነው የሚወጣው። ከአገር ቤት በተማሪ ቪዛ የመጣች ከሆነች ደግሞ ትምህርቷን ካቋረጠች አገሪቱ ውስጥ የመቆየት መብቷም አብሮ ይናጋል። ይህቺ ልጅ ከፕሮፌሰሩ ጋር እርቅ ተቀምጣ ምን ልትል ነው?

ወደ ታሪኩ እንመለስ። በዚህ መሃል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሁለት ነገር አለ። በ1992 በጆርጂያ ግዛት አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በመምህሯ በደረሰባት ነገር ትምህርት ቤቱን ከሳ ካሳ መጠየቅ እንደምትችል ወሰነ። በ1998 ደግሞ በሌላ መዝገብ በሩን አጠበበው፦ ትምህርት ቤቱ ካሳ የሚከፍለው፣ እርምጃ የመውሰድ ሥልጣን ያለው ኃላፊ ነገሩን በእርግጥ አውቆ ሆን ብሎ ችላ ካለ ብቻ ነው። የሕግ ባለሙያዎች ብዙ ይሉበታል። በኑሮ ያለው ትርጉም ግን አጭር ነው፤ ለጓደኛ፣ ለጸሐፊ፣ ለክፍል ረዳት መንገር አይበቃም። ለሚመለከተው ሰው፣ በጽሑፍ።

ያም ሆኖ ቋሚ ሹመት ያለውን ፕሮፌሰር መንካት እንደ ተራራ መግፋት ሆኖ ቆየ። የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በ2015 በታዋቂው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ጄፍ ማርሲ ላይ ያደረገውን ምርመራ ጨርሶ፣ ከ2001 እስከ 2010 ባለው ጊዜ የትንኮሳ ደንቡን ተላልፈዋል አለ። ከዚያስ? ካሁን በኋላ ቢደግሙት ሹመታቸው የሚሰጣቸውን የሥርዓት ከለላ ያጣሉ የሚል ስምምነት አስፈረማቸው። በቃ። በጥቅምት አንድ የዜና ድረ ገጽ ነገሩን ሲያወጣ የሙያ ባልደረቦቻቸው ራሳቸው ተነሱ፣ ሰውየውም በቀናት ውስጥ ለቀቁ። ዩኒቨርሲቲው ሲጠየቅ የሰጠው ምክንያት ማባረር ቢፈልግ ኖሮ ረጅምና ውጤቱ የማይታወቅ፣ ከፍ ያለ ማስረጃ የሚጠይቅ የመምህራን ሙግት ይጠብቀው እንደነበር ነው። አያችሁ? አንዱ መሥሪያ ቤት «አጥፍተዋል» ብሎ ይወስናል፤ ሌላው ኮሚቴ ደግሞ እንደ አዲስ በሌላ ሚዛን ይመዝናል። በ1940 ከጄን ስታንፎርድ ዓይነት ሰው ለመከላከል የተገነባው አጥር፣ ዛሬ ከተማሪዋ አቤቱታ የሚከላከል አጥር ሆኖ ተገኘ።

አጥሩን አፍርሱት የሚሉ አሉ። እኔ ከነሱ ወገን አይደለሁም፤ ምክንያቴንም ልንገራችሁ። በዚያው በ2015 በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ላውራ ኪፕኒስ የተባሉ ፕሮፌሰር በግቢዎች ስላለው የወሲብ ደንብ አንድ ትችት ጽፈው ስላወጡ ብቻ በታይትል ናይን ተከሰሱ። በጽሑፍ! ለሳምንታት ተመረመሩ፤ በመጨረሻ ነፃ ወጡ። ከእኛ አገር የመጣ ሰው፣ መምህራን በአንድ ደብዳቤ ሲባረሩ ያየ ሰው፣ ይህ ወዴት እንደሚያመራ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ተከሳሹ ክሱን የማወቅና ራሱን የመከላከል መብቱ ቅንጦት አይደለም። ደግሞም ተከሳሹ ሁልጊዜ ወንድ፣ ከሳሿም ሁልጊዜ ሴት አይደሉም፤ በ2018 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ አንዲት ታዋቂ ሴት ፕሮፌሰር ወንድ የዶክትሬት ተማሪያቸውን ተንኩሰዋል ብሎ ለአንድ ዓመት አግዷል።

የዋሽንግተን መንግሥት ሚዛኑን ሲያወዛውዝ የኖረው በዚህ መሃል ነው። የኦባማ አስተዳደር በሚያዝያ 2011 ለዩኒቨርሲቲዎች በጻፈው ደብዳቤ፣ ከተቀመጡት ማስረጃዎች ወደ አንድ ወገን ሚዛን የደፋው ይብቃ አለ። ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ ሲጠይቅ የኖረው የፕሮፌሰሮች ማኅበር ተቃወመ። በ2017 የትራምፕ አስተዳደር ደብዳቤውን አነሳ፤ በ2020 በምትኩ ረጅም ደንብ አወጣ፣ ከነሐሴ 14 ቀን ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። የባይደን አስተዳደር በ2024 የራሱን ደንብ ተካ። እሱንም በጥር 2025 አንድ የኬንታኪ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሻረው። ስለዚህ ዛሬ የሚሠራበት የ2020ው ነው። አንዲት ልጅ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ጀምራ ዶክትሬቷን እስክትጨርስ ሕጉ ስንት ጊዜ እንደተገላበጠ ቁጠሩ።

ከደንቡ ይልቅ ያልተነካ አንድ ሌላ ነገር ነበር፤ ጥፋተኛው በጸጥታ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ መዛወሩ። ሁለቱ ወገኖች የምስጢር ስምምነት ይፈርማሉ፣ ሰውየው ጥሩ ደብዳቤ ይዘው ይሄዳሉ፣ አዲሱ ግቢ ምንም አያውቅም። የዋሽንግተን ግዛት በ2020 ባወጣው ሕግ የሕዝብ ዩኒቨርሲቲዎች የተረጋገጠ ወሲባዊ ጥፋት ያለበትን ሠራተኛ መዝገብ ለሚቀጥረው ተቋም እንዲያሳውቁ አስገደደ። እንግሊዝ ያላችሁ ደግሞ ከነሐሴ 2025 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎች በትንኮሳ ጉዳይ ተማሪን የምስጢር ውል ማስፈረም እንደተከለከሉ እወቁ።

የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች በ2018 ያወጡት ትልቅ ጥናት ስለ እነዚህ ሥርዓቶች ሁሉ ደስ የማይል ነገር ተናግሯል። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲዎች ከተጠየቁት ሴት ተማሪዎች ውስጥ ከሳይንስ ተማሪዎች 20 በመቶ ያህሉ፣ ከሕክምና ተማሪዎች ደግሞ ከ40 በመቶ በላይ የሆኑት ከመምህር ወይም ከሠራተኛ ትንኮሳ ደርሶብናል ብለዋል። አብዛኛው የወሲብ ጥያቄ ሳይሆን ሴትነትን የሚያዋርድ ንግግርና ስድብ ነው። የጥናቱ ደራሲዎች ዩኒቨርሲቲዎች ደንቡን የሚያሟሉት ከክስ ለመዳን ነው፣ ትንኮሳው ግን አልቀነሰም ብለዋል።

አገር ቤት ያላችሁ አንባቢያን «የእኛስ?» ማለታችሁ አይቀርም። እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 625 በሴት ላይ ባለው ሥልጣን ተጠቅሞ ወሲብ የሚያገኝን ሰው ሲቀጣ መምህርን በስም ይጠቅሳል፤ የሚከሰሰው ግን ተበዳይዋ ስታመለክት ነው። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅም ወሲባዊ ትንኮሳን ከልክሏል። ሕጉ አለ። የዬል ሴቶች በ1977 የጠየቁትን ግን ደግሜ ላንሳው፤ ተማሪዋ የመምህሩን ውጤት በእጇ ይዛ የምትገባበት፣ በውስጡ የተቀመጠው ሰው የመምህሩ የቅርብ ወዳጅ ያልሆነ ቢሮ የቱ ጋ ነው? በግቢ ያለፈ ሁሉ፣ ውጤት ሲለጠፍ በኮሪደሩ የሚንሾካሾኩትን ሰምቷል።

ለእናቲቱ መልሼ ደወልኩ። መጀመሪያ ስለ እርቁ ነገርኳቸው። በ2020ው ደንብ ከሳሿ ተማሪ፣ ተከሳሹ የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ከሆነ፣ ዩኒቨርሲቲው ጉዳዩን በሽምግልና እንዲጨርስ አይፈቀድለትም። ሁለቱ ወገኖች ቢስማሙም እንኳ አይቻልም። እናት ዝም አሉ። «ሽማግሌዎቹን ልንገራቸው?» አሉኝ። ይንገሯቸው አልኩ።

ከዚያ ስለ ችሎቱ ጠየቁኝ። ልጄ ከሰውየው ጋር ፊት ለፊት ልትቀመጥ ነው ወይ? አይደለም፤ ከጠየቀች በተለያየ ክፍል ሆነው በስክሪን ይተያያሉ። ሰውየው ራሳቸው ይጠይቋታል ወይ? አይችሉም፤ ጥያቄ የሚጠይቀው የእያንዳንዱ ወገን አማካሪ ነው። ማስረጃውን አስቀድማ ታየዋለች፣ ለመልስም ቢያንስ አሥር ቀን አላት፤ ያንኑ መብት ሰውየውም አላቸው። ውሳኔው ካላስደሰታት ይግባኝ ትላለች። እሳቸውም እንዲሁ።

«ጠበቃ መቅጠር አልችልም» አሉ። አማካሪው የግድ ጠበቃ መሆን የለበትም፤ ልጅቱ የመረጠችው ማንም ሰው ሊሆን ይችላል፤ ለችሎቱ አማካሪ ካጣች ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ያለ ክፍያ ያቀርብላታል አልኳቸው።

«ማንም ሰው?»

«ማንም ሰው።»

ትንሽ ቆዩና፣ «ታዲያ እንግሊዝኛዬ ነው እንጂ ችግሩ» አሉ። ከዚያ ልጅቱ ከእሳቸው አጠገብ ነበረች መሰለኝ፣ ስልኩን ሳይዘጉ በአማርኛ ሲጨቃጨቁ ሰማሁ።